ከሕንፃችን ጀርባ ስላለው አፈር፦ ከእርሻ ወደ ከተማ ከገባን አረጋውያን የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለከተማችን የቤቶችና የነዋሪዎች አገልግሎት ጽሕፈት ቤት

ጉዳዩ፦ የአትክልት ቦታችን ወደ መኪና ማቆሚያ እንዲለወጥ የተላለፈውን ውሳኔ እና እርሻቸውን አስረክበው ወደ ከተማ የሚገቡ አረጋውያን የሚገጥማቸውን ችግር ይመለከታል

የተከበራችሁ የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊዎችና ባለሙያዎች፤

ከዘጠኝ ቀን በፊት በመኖሪያ ሕንፃችን መግቢያ ላይ አራት መስመር ማስታወቂያ ተለጥፎ አገኘን። ከሕንፃው ጀርባ ያለው ክፍት ቦታ «ጥቅም ላይ ያልዋለ» ሆኖ በመገኘቱ አስፋልት ተነጥፎበት ለመኪና ማቆሚያ እንደሚውል፣ በቦታው ላይ የሚገኝ ማናቸውም ንብረትም በ15 ቀን ውስጥ እንዲነሣ ያዝዛል። ፊርማና ማኅተም አለው፤ ስለ ጉዳዩ ማን እንደሚጠየቅም ሆነ የትኛው ቢሮ እንደሚኬድ ግን አይናገርም። በዚህ ሕንፃ ከምንኖረው መካከል አብዛኞቻችን ዕድሜ ልካችንን አርሰንና ከብት አርብተን የኖርን፣ ጉልበታችን ሲደክም እርሻችንን ለልጅ ወይም ለገዢ አስረክበን የገባን ሰዎች ነን። ባለፈው አንድ ዓመት ውስጥ በሌሎች ችግሮቻችን ላይ ሁለት ማመልከቻዎች አስገብተን ነበር። የአንዱ ቅጂ «ደርሷል» የሚል ማኅተም ተመትቶበት ተመለሰልን፤ ሁለተኛው የት እንደገባ የሚነግረን ሰው አላገኘንም። ሦስተኛውን በግልጽ ለመጻፍ የወሰንነው በዚህ ምክንያት ነው።

ከመሬቱ እንጀምራለን።

ቦታው ወርዱ ሃያ፣ ርዝመቱ ሠላሳ አምስት እርምጃ ያህል ነው። እኛ በገባንበት ዓመት አፈር የሚባል ነገር አልነበረበትም። ሕንፃው ሲሠራ የተረፈ የጡብ ስባሪ፣ የደረቀ ሲሚንቶ፣ ሽቦና ምስማር የተጣለበት ጥግ ነበር። ያንን ሁሉ ጎንበስ እያልን በእጃችን ለቀምን፤ ጎንበስ ማለት የማይችሉት ደግሞ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ምስማሩን ከጡቡ ይለዩ ነበር። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ሙሉ ከየቤታችን የአትክልት ልጣጭ እየሰበሰብን፣ ከመንገድ ዳር የረገፈ ቅጠል በከረጢት እየተሸከምን፣ ከቀድሞ ጎረቤቶቻችን ፍግ እየለመንን ኮምፖስት አዘጋጀን። ይህ ክምር በደንብ ሲሠራ በውስጡ ያሉት ረቂቅ ሕዋሳት በሚፈጥሩት ሙቀት ከ55 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይደርሳል። እንዲያውም አንድ ብርዳማ ማለዳ ስንገለብጠው የወጣውን እንፋሎት ከላይኛው ፎቅ ያዩ ጎረቤታችን ቃጠሎ የተነሣ መስሏቸው የእሳት አደጋ መኪና አስጠርተውብን ነበር። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት እንደሚገልጸው፣ 2 ወይም 3 ሴንቲሜትር አፈር በተፈጥሮ ሂደት ለመፈጠር እስከ 1,000 ዓመት ሊወስድ ይችላል። እኛ በእርግጥ ያን ያህል አልጠበቅንም፤ ያመጣነውም ቅጠሉና ፍጉ የሌላ መሬት ሀብት ነው። ሆኖም ዛሬ ጣት ሲሰድዱበት ያለ ችግር የሚገባ፣ ሲጨብጡት የሚያያዝ፣ ሲለቁት የሚፈረካከስ ጥቁር አፈር አለን። አስፋልት ለማንጠፍ መጀመሪያ የሚጠረገው ደግሞ ይኸው የላይኛው አፈር ነው፤ ለአንድ ማሽን የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

«ጥቅም ላይ ያልዋለ» የተባለው ከምን ተነሥቶ እንደሆነ ጠይቀን ደርሰንበታል። ሁለት ወጣት ባለሙያዎች መጥተው ፎቶግራፍ ያነሡት፣ ምርቱን ሰብስበን መደቦቹን በገለባ ሸፍነን ባሳረፍንበት ሰሞን ነበር። ገለባ ለብሶ ያረፈ መሬት ባዶ መሬት አይደለም፤ እርጥበቱን የያዘ፣ አረሙን ያፈነ፣ ለሚቀጥለው ዘር የሚዘጋጅ መሬት ነው። ይህን ከእኛ መካከል ማንም ሊያስረዳቸው ይችል ነበር። አንድ አባት ከበረንዳቸው ሆነው «ልጆች፣ ምን ፈልጋችሁ ነው?» ብለው ቢጣሩ «ምንም አይደል አባባ፣ ልኬት ነው» ብለዋቸው ሄዱ። በወጣቶቹ አንፈርድም፤ የተላኩት እንዲለኩ ነው፣ የለኩትም በትክክል ነው። ጥያቄያችን፣ ከልኬቱ በኋላ ውሳኔውን የፈረመው ኃላፊ ፎቶግራፉ የተነሣው በየትኛው ወር እንደሆነ ለመጠየቅ ለምን አልፈለገም የሚል ነው።

ቦታው የሚሰጠውን አገልግሎት በአንድ ሰው ታሪክ ብናሳይ ይሻላል። የሦስተኛው ፎቅ ነዋሪ የሆኑት የ81 ዓመት አዛውንት ወደዚህ የመጡት ባለቤታቸው ካረፉ በኋላ ነው። በመጡ በመጀመሪያዎቹ ሰባት ወራት ለሕክምና ካልሆነ በቀር ከቤታቸው አልወጡም። ሌሊት በ10 ሰዓት ይነሣሉ፤ የሚታለብ ላም የለም፣ የሚከፈት በረት የለም። ጫማቸውን አጥልቀው፣ ካፖርታቸውን ደርበው ወንበር ላይ ተቀምጠው እስኪነጋ ይጠብቃሉ። የግድግዳ ጎረቤታቸው የጫማቸውን ድምፅ እየሰሙ «ዛሬም ተነሡ» ይሉ ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ከእኛ አንዱ የካሮት ዘር ሲዘራ በመስኮት አይተው ሳይታወቃቸው ወረዱ፤ ያወጡት የመጀመሪያ ቃልም «ቀበርከው እኮ! እንዲህ ከጠለቀ አይወጣልህም» የሚል ነበር። እውነታቸውን ነው፤ ዘር የሚለብሰው አፈር ከራሱ ውፍረት ሁለት ወይም ሦስት እጥፍ ያህል መሆን አለበት፤ የካሮት ዘር ደግሞ ምን ያህል ደቃቅ እንደሆነች የዘራ ያውቃል። ከዚያ ቀን ጀምሮ የመደቦቹን ተራ የሚያወጡት፣ አምና ጎመን በነበረበት ላይ ዘንድሮ ባቄላ እንዲሆን የሚወስኑት፣ ከሠፈሩ ትምህርት ቤት የሚመጡትን ልጆች አረምን ከቡቃያ መለየት የሚያስተምሩት እሳቸው ናቸው። ማስታወቂያው ከተለጠፈ ወዲህ ግን ለሁለት ቀን አልወረዱም፤ በሦስተኛው ቀን ሰው ልከን ነው ያስወረድናቸው።

ጽሕፈት ቤቱ በሳምንት አንድ ቀን በአዳራሹ የአካል ብቃት እንቅስቃሴ እንዳዘጋጀልን እናውቃለን፤ አሠልጣኟም ትሑት ልጅ ነች። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ግን ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎች በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ፣ ከዚህም ውስጥ በሳምንት 3 ቀን ወይም ከዚያ በላይ የሰውነትን ሚዛንና ጉልበት የሚያጠናክር እንዲሆን ይመክራል። የአዳራሹ ፕሮግራም 45 ደቂቃ ነው። የቀረውን የምናሟላው ውሃ በማመላለስ፣ በመኮትኮት፣ በመደቦቹ መካከል ጎንበስ ቀና በማለት ነው። ዕድሜውን ሙሉ ጆንያ የተሸከመ ሰው የስፖርት ላስቲክ ይዞ እጁን ወደ ላይ፣ ወደ ታች እንዲያደርግ ሲታዘዝ የሚሰማውን ኀፍረት ለመግለጽ ያዳግታል፤ የካሮት መደብ ለማረም ግን ማንም አያፍርም።

የመኪና ማቆሚያ ችግር የለም አንልም። የሚጠይቁን ልጆቻችን የሚያቆሙበት አጥተው ተመልሰው የሄዱበት ቀን አለ፤ አምቡላንስም እስከ በሩ መግባት አለበት። ስለዚህም በሕንፃው ምሥራቃዊ ጎን ያለውን፣ በሩ ከተቆለፈ ዓመታት ያስቆጠረውን የቆርቆሮ መጋዘን አፍርሶ በዚያ ማቆሚያ መሥራት እንደሚቻል በመጀመሪያው ማመልከቻችን መጨረሻ ላይ ጠቁመን ነበር። ሐሳቡ የማይሠራ ከሆነ የማይሠራበትን ምክንያት መስማት እንፈልጋለን።

ሁለተኛው ቅሬታችን ለመግቢያ የሚሰጠው የ30 ቀን ገደብ ነው። ቤት የደረሰው ሰው በ30 ቀን ውስጥ ቁልፍ ተረክቦ መግባትና የቀድሞ መኖሪያውን መልቀቁን የሚያሳይ ማስረጃ ማቅረብ አለበት፤ ካልሆነ ተራው ለሌላ ይተላለፋል። ይህ ደንብ ከአንድ የኪራይ ቤት ወደ ሌላ ለሚዛወር ሰው ምክንያታዊ ነው። እርሻ ግን በ30 ቀን አይዘጋም። ማሳ ላይ የቆመ እህል አለ፣ ያረገዘች ላም አለች፣ ለጎረቤት ያዋሱት መሣሪያ አለ፣ ያልተከፈለ ዕዳና ያልተሰበሰበ ገንዘብ አለ፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ማን ምን እንደሚወስድ ገና ያልተነጋገሩ ልጆች አሉ። ከእኛ መካከል አንድ ባልና ሚስት ልትወልድ ስድስት ሳምንት የቀራትን ላማቸውን በደረቀች ላም ዋጋ ሸጠዋል። ገዢዎቹ ቀኑን ያውቁ ነበር። አንደኛው ከአጥሩ ውጭ ለሌላው «አትቸኩል፣ ቀናቸው ደርሷል፣ ይቀንሳሉ» ሲለው ሚስትየዋ በጆሯቸው ሰምተዋል። ከዚያ በኋላ ላሟን ወደ መኪናው የነዱላቸው ራሳቸው ናቸው፤ ለማታውቀው ሰው አልገባ ብላ ነበርና።

እኔ ራሴ፣ የዚህ ደብዳቤ ጸሐፊ፣ 41 ዓመት ያረስኩትን መሬት የለቀቅሁት በ26 ቀን ውስጥ ነው። አምስት ክፍል ቤት፣ ጎተራ፣ በረትና የመሣሪያ ክፍል የያዘውን ወደ ሁለት ክፍል ማጠፍ ነበረብኝ። የቤት ዕቃው አላስቸገረኝም፤ አልጋና ጠረጴዛ የትም ይገኛል። ያስቸገረኝ የመሣሪያ ክፍሉ ነው። እጀታቸውን በገዛ እጄ ጠርቤ ያስገባሁላቸው፣ መዳፌ የሚይዝበት ቦታ ላይ የሰረጎዱ ሦስት ዶማዎችና ሁለት ማጭዶች ነበሩኝ። ረጋ ብዬ ባስብ ኖሮ የትኛው ለማን እንደሚሆን አውቅ ነበር። በጥድፊያው ከቆርቆሮና ከአሮጌ ጎማ ጋር አንድ ላይ ተጭነው ሄዱ፤ አንዱን ዶማ ብቻ ባለቤቴ ከብርድ ልብስ ጋር ጠቅልላ አተረፈችልኝ። እሱም ቢሆን በሕንፃው ደንብ መሠረት በረንዳ ላይ መቀመጥ ስለማይፈቀድለት ለጊዜው አልጋ ሥር ነው።

የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ዲሴምበር 16 ቀን 1991 እ.ኤ.አ. በውሳኔ ቁጥር 46/91 ያጸደቃቸው ስለ አረጋውያን የወጡ 18 መርሆዎች አሉ። ከእነዚህ አንዱ አረጋውያን ከሥራ የሚገለሉበትን ጊዜና ፍጥነት በመወሰን ረገድ ድርሻ ሊኖራቸው እንደሚገባ ይናገራል። ለደመወዝተኛ ሰው ይህ የጡረታ ቀን ጉዳይ ነው። ለገበሬ ግን ሥራው፣ ቤቱና ጎረቤቱ በአንድ ቀን ነው የሚለቁት፤ ስለዚህ ፍጥነቱ ለእኛ ከማንም ይልቅ ይከብዳል።

በዚህ ነገር የራሳችንን ጥፋትም አንሸሽግም። ብዙዎቻችን «ዘንድሮን ልጨርስ» እያልን ዓመት በዓመት ላይ ስንጨምር የቆየን ነን። የዓለም ጤና ድርጅት መውደቅ ባልታሰበ አደጋ ሞትን በማስከተል በዓለም ሁለተኛውን ደረጃ እንደያዘ፣ ለሞት ከሚዳርገው መውደቅም ከፍተኛው ቁጥር የሚደርሰው ከ60 ዓመት በላይ በሆኑ ሰዎች ላይ እንደሆነ ይገልጻል። ከእኛ ጥቂቶች ከጎተራ መሰላል ወይም ከበረት ደጃፍ ወድቀው፣ ገና ሆስፒታል እንደተኙ ልጆቻቸው ቤቱን ዘግተው ያመጧቸው ናቸው፤ እርሻቸውን ዳግመኛ አላዩትም። ነገር ግን የዘገዩበት አንዱ ምክንያት ይኸው የ30 ቀን ደንብ ነው። አንዴ ከገቡ መመለስ የለም፤ ሞክሮ ማየትም አይፈቀድም። ቀስ በቀስ መግባት ቢፈቀድ፣ ለምሳሌ ብርዱ የሚጠናበትን ጊዜ ከተማ አሳልፎ ለእርሻ ወቅት መመለስ ቢቻል፣ በእግራቸው ቆመው የሚወስኑ ሰዎች ቁጥር ይጨምር ነበር።

ሦስተኛው፣ ቅጻችሁ ነው። የማመልከቻው ቅጽ «የቀጣሪ ድርጅት ስም»፣ «የሥራ መደብ» እና «የወር ደመወዝ» ይጠይቃል። ቀጣሪ ለሌለው ሰው ባዶ ቦታ የለውም። መስኮት ላይ ያለው ሠራተኛ ኮምፒዩተሩ አላልፍ ሲለው በብዙዎቻችን ስም ፊት «ሥራ የሌለው» ብሎ ሞልቷል። ስድብ ፈልጎ እንዳልሆነ እናምናለን፤ ግን ይህ ቃል በፋይላችን ላይ ስለሚቆይ በኪራይ ድጎማ፣ በዋስትናና በሌላውም ጉዳይ ይከተለናል። ከዚህ የከፋው የአንዲት እናት ጉዳይ ነው። ባለቤታቸው የሞቱባቸውና መሬቱ በባል ስም ብቻ የተመዘገበባቸው ናቸው። አንደኛው መስኮት «መሬቱ በስምዎ ስላልሆነ ማስተላለፍዎን የሚያሳይ ማስረጃ ሊሆንዎ አይችልም» አላቸው። ወደ ድጎማው መስኮት ሲሄዱ ደግሞ «በቤተሰቡ መሬት አለ፣ ስለዚህ ድጎማ አይገባዎትም» ተባሉ። የሁለቱ መስኮቶች ርቀት ስድስት እርምጃ ነው። እኒህ እናት ከ50 ዓመት በላይ አብረው ያረሱትን መሬት በአንደኛው መስኮት አጥተው በሁለተኛው አገኙት፤ ሁለቱም ግን አልጠቀሟቸውም። ጠቅላላ ጉባኤው እ.ኤ.አ. በ2018 ያጸደቀው የገበሬዎችና በገጠር የሚሠሩ ሌሎች ሰዎች መብቶች መግለጫ ሴት ገበሬዎች መሬትን በእኩልነት ሊያገኙና ሊቆጣጠሩ እንደሚገባ፣ የማኅበራዊ ዋስትና መብትም እንዳላቸው ይገልጻል። የመሬቱን ስም ማስተካከል የእናንተ ሥልጣን ላይሆን ይችላል፤ ሁለቱ መስኮቶች እንዲነጋገሩ ማድረግ ግን ነው።

ከቅጹ ጋር የተያያዘ ሌላ ነገርም አለ፤ የአሻራ ማንበቢያው። አዲሱ አሠራር ማንነታችንን በጣት አሻራ እንድናረጋግጥ ያስገድዳል። ለረጅም ዘመን በአፈር፣ በገመድና በእንጨት የሠራ ጣት ግን አሻራው ይሟጠጣል፤ ዕድሜም ቆዳውን ያሳሳዋል፣ ያደርቀዋል። ከእኛ መካከል አንዷ መሣሪያው አራት ጊዜ እምቢ ሲላቸው ሠራተኛዋ መስታወቱን ወልውላ «እማማ፣ እስቲ እጅዎን ታጥበው ይምጡ» አለቻቸው። «ታጥቤ ነው የመጣሁት» አሉ፤ ሁለተኛም ታጠቡ፣ መሣሪያው ግን አላነበበም። የዚያን ቀን ጉዳያቸው ሳይፈጸም ተመለሱ። በሌላ መንገድ፣ ለምሳሌ በፎቶግራፍና በመታወቂያ፣ ማረጋገጥ እንዲቻል መመሪያው ላይ አንድ መስመር መጨመር ብቻ ነው የሚያስፈልገው።

ቀጠሮ በስልክ መተግበሪያ ብቻ እንዲያዝ መደረጉን በተመለከተ ሌሎች ነዋሪዎችም በተደጋጋሚ ስላነሡት አናራዝምም። መስኮት ላይ የሚቀርብ ሰው ቀርቶ አያውቅም፤ የቀረው መስኮቱ ነው።

መንገዱን በሚመለከት ግን አንድ ስሌት እናቅርብ። በብዙ ቦታ የእግረኛ መብራት ጊዜ የሚሰላው ሰው በሰከንድ 1.2 ሜትር ይራመዳል ተብሎ ነው። ከፊታችን ያለው መንገድ ስፋቱ 12 ሜትር ነው፤ በዚህ ስሌት በ10 ሰከንድ ይታለፋል፣ መብራቱም የሚሰጠን ይህንኑ ያህል ነው። በከዘራ የሚሄድ፣ በሰከንድ 0.8 ሜትር የሚራመድ ሰው ግን 15 ሰከንድ ያስፈልገዋል። በዚህ ስሌት መብራቱ ሲለወጥ ይህ ሰው ገና አራት ሜትር ይቀረዋል፤ በመኪና ፊት አራት ሜትር ረጅም ነው። ከመንገዱ ማዶ የነበሩት ሁለት አግዳሚ ወንበሮች ደግሞ ለእድሳት ተብለው ተነሥተው አልተመለሱም። እርሻ ላይ እያለን የደከመው ሰው በአገኘው ግንድ ወይም ድንጋይ ላይ ያርፍ ነበር፤ ከተማ ውስጥ ሰው የሚያርፈው ወንበር ሲሠራለት ብቻ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2007 ለአረጋውያን ስለሚመቹ ከተሞች ያሳተመው መመሪያ የተዘጋጀው በ33 ከተሞች የሚኖሩ አረጋውያንን በማነጋገር ነው። መመሪያው ከቤት፣ ከመንገድና ከሕክምና ጎን ለጎን ክፍት ቦታን፣ መከበርንና በማኅበራዊ ሕይወት መሳተፍን ያነሣል። ይህን የምንጠቅሰው ጽሕፈት ቤታችሁ ባለፈው ዓመት ባከበረው የአረጋውያን ቀን በግድግዳው ላይ የሰቀለው ሥዕል ከዚሁ መመሪያ ሐሳብ የተወሰደ መሆኑን ስላየን ነው። በሥዕሉ ላይ አንድ ሽማግሌ አትክልት ሲያጠጡ ይታያሉ።

ስለዚህ የሚከተሉትን እንጠይቃለን።

በመጀመሪያ ደረጃ፣ የአትክልት ቦታውን የሚመለከተው ውሳኔ ተፈጻሚነቱ እንዲቆም፣ በምሥራቁ ጎን ያለው መጋዘን ለመኪና ማቆሚያ ይሆን እንደሆነ እንዲጠና፣ ጥናቱ ሲካሄድም ከነዋሪዎች ቢያንስ ሦስት ሰዎች እንዲገኙ። የግድ ከቦታው ላይ መቆረስ ካለበት እንኳ የትኛው ጫፍ እንደሚሻል እኛ እናሳያለን፤ በሰሜን በኩል ያለው ጠርዝ ጥላ የሚበዛበት ስለሆነ ብዙ አያበቅልም። ከዚሁ ጋር፣ በደረጃው ሥር ባለው ባዶ ቦታ መሣሪያ የምናስቀምጥበት የሚቆለፍ ሳጥን እንዲፈቀድልን፤ ወጪውን እኛ እንችላለን።

ከእርሻ ለሚመጣ ሰው የመግቢያው ጊዜ ከ30 ቀን ወደ አንድ ሙሉ የእርሻ ዓመት ከፍ እንዲል እንጠይቃለን። ዓመቱ ከበዛ ቢያንስ የቆመ ሰብል እስኪሰበሰብና ያረገዘ ከብት እስኪወልድ የሚል አንቀጽ እንዲገባ፤ በዚህ ጊዜ ውስጥም ሰውየው ቤቱን ሳያጣ መመላለስ እንዲችል። የዚህ ጊዜ ኪራይ በምን ያህል መጠን እንደሚከፈል ለመነጋገር ዝግጁ ነን፤ በነጻ ይሁን አላልንም።

ቅጹ ላይ «በራሱ እርሻ ይሠራ የነበረ» የሚል ምርጫ እንዲጨመር፣ ከዚህ በፊት «ሥራ የሌለው» ተብሎ የተሞላብን ፋይል በማመልከቻ ሳይሆን በራሳችሁ ተነሣሽነት እንዲታረም፣ የመሬት ማስረጃ በትዳር ጓደኛ ስም የሆነባቸው እናቶች ጉዳይም በአንድ ባለሙያ እጅ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንዲታይ እንጠይቃለን። አሻራቸው ለማይነበብ ሰዎች አማራጭ ማረጋገጫ፣ መተግበሪያውን ለማይጠቀሙ ደግሞ በሳምንት ሁለት ግማሽ ቀን የሚከፈት መስኮት ይበቃል። የመብራቱን ሰከንድና የአግዳሚ ወንበሮቹን ጉዳይ ለሚመለከተው የመንገድ ክፍል እንድታስተላልፉልን፣ ያስተላለፋችሁበትንም ደብዳቤ ቅጂ እንድትሰጡን እንለምናለን።

ማስታወቂያው ከሰጠን 15 ቀን ውስጥ ስድስቱ ቀርተዋል። ገለባው ተነሥቶ መደቦቹ ተዘርተዋል፤ ካሮቱ በሁለት ቅጠል ነው፣ ባቄላውም አፈሩን መሰንጠቅ ጀምሯል። ፎቶግራፍ የሚያነሣ ባለሙያ እንደገና ሊላክ የሚችል ከሆነ አሁን ቢመጣ ደስ ይለናል። ማለዳ ከ12 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ከቦታው አንጠፋም፤ በሌላ ሰዓት የሚመጣም በሦስተኛው ፎቅ፣ በደረጃው ቀኝ በኩል ያለውን በር ቢያንኳኳ አዛውንቱ ወርደው ያሳዩታል።

ከአክብሮት ጋር፣

ከእርሻ ወደ ከተማ የገቡ አረጋውያን ነዋሪዎች ኮሚቴ ጸሐፊ፣
የቀድሞ ገበሬ

ግልባጭ፦
ለከተማው ምክር ቤት የማኅበራዊ ጉዳይ ኮሚቴ
ለሕንፃው ነዋሪዎች በሙሉ